ፔዳሉን ማን ይረግጣል?

ሰኔ 6፣ ሰኞ

ዝናቡ ገባ። ይህን ደብተር የገዛሁት ለመኪናው ነበር፤ ጎማ መቼ እንደተቀየረ፣ ሞተሩ መቼ እንደተፈታ ልጽፍበት። ቤት ውስጥ የሚመልስልኝ ሰው ስለሌለ ከዛሬ ጀምሮ የራሴንም እጽፍበታለሁ። ማንም አያነበውም። ፌሚያ እንኳ የእኔን ጽሑፍ ማንበብ አትችልም፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል ትላለች።

ፌሚያ ባለቤቴ ናት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከተራራው ወደ ባጊዮ ከተማ ወርዳለች። ልጃችን ኖርማ እዚያ ገበያው አጠገብ የሽመና ሱቅ ከፍታለች፤ እናቷ ትንሽ አግዛት ትመለሳለች። ሁለት ሳምንት ነው ያለችው። ክረምት ከገባ መንገዱ ስለሚናድ ትንሽ ብትዘገይ አይገርምም።

መኪናው ደህና ነው። የፍሬኑ ፔዳል ብቻ ለስለስ ብሏል። አየር ገብቶበት ይሆናል።

አንድ ነገር አልገባኝም። ፌሚያ የጀርባ ትራሷን ከመኪናው አውጥታ ይዛው ሄዳለች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ፔዳሉን ስትረግጥልኝ ከወገቧ ኋላ የምታደርገው ትራስ ነው፤ ራሷ የሸመነችው፣ ቀይ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት። ባጊዮ ምን ያደርግላታል?

ሰኔ 9

ዛሬ የፍሬኑን አየር ብቻዬን አስወጣሁ። እንደሚሆን ሆነ።

መኪናው ስድስት በስድስት የምንለው ነው፤ አሜሪካኖች ከጦርነቱ በኋላ ጥለውት የሄዱት የወታደር መኪና። አባቴ ገዛው፣ ለእኔ ተረፈ። ሞተሩ ተለውጧል፣ የጭነት ሣጥኑ ሦስቴ ተሠርቷል፤ ፍሬኑ ግን ያው የጥንቱ ነው። ከአንድ ዋና ፖምፓ የሚነሣ አንድ መስመር ዘይት ለስድስቱም ጎማ ይደርሳል። አንድ ቦታ ከተበላሸ ሁሉም ጋ ተበላሸ ማለት ነው። የአዲስ መኪና ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ያማትባሉ።

አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጥና ያዝ ሲባል ረግጦ ይይዛል። ሌላው መኪናው ሥር ተኝቶ የጎማውን የአየር ማስወጫ ብሎን ይፈታል፤ ዘይቱ አረፋውን ይዞ ይተፋል፤ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ልቀቅ ይባላል። ከሩቁ ጎማ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ነው። እኔና ፌሚያ ይህን ስንሠራ ኖረናል። ሳንተያይ ነው የምንሠራው፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። እንዲያውም ብዙ ወሬ ያወራነው እንዲያ ሆነን ነው። ኖርማን ማርገዟንም የነገረችኝ የኋላውን ቀኝ ጎማ ስናስወጣ ነበር።

ብቻውን የሚሠራ ሰው ብሎኑ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክቶ ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነክራል፤ ከዚያ ወጥቶ ይረግጣል፣ ወርዶ ያያል፣ ወጥቶ ይረግጣል። ጉልበቴ አለቀ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም የሚሉት እውነት ነው።

የወጣውን ዘይት አልደፋሁትም። አባቴ የፍሬን ዘይት ሲደፋ ያየው ሰው የለም። አራት ማዕዘን የጂን አረቄ ጠርሙስ አለን፤ የወጣው እዚያ ይገባል፣ ያድራል፣ ዝቃጩ ይሰፍራል፣ የጠራው ተመልሶ መኪናው ውስጥ ይጨመራል። ጠርሙሱን የምታነሣውም የምታስቀምጠውም ፌሚያ ነበረች። ዛሬ ራሴ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ክዳኑ ጠፍቷል፤ ጨርቅ ወተፍኩበት።

ሰኔ 14

ቸኩያለሁ። ድንች ጭኜ ወረድኩ። ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነ። ታች ደርሼ አርፌ ስረግጠው ደህና። ደግሜ አየር ማስወጣት አለብኝ።

ሰኔ 15

አስወጣሁ። በጠርሙሱ ያለውን ጨመርኩ። አሁን ጠንካራ ነው።

ሰኔ 19፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የጂፕኒው ሹፌር ኩላስ ጠበቀኝ። በጂፕኒው ሰው እየጫነ ወደ ባጊዮ የሚመላለስ ስለሆነ የመንደሩ ሁሉ አፍ እሱ ነው፤ ታላቅ ወንዱን ማኖንግ፣ ታላቅ ሴቷን ማናንግ ይላል። «ማኖንግ ቶሚን፣ ማናንግ ፌሚያ መኪናው ተጠገነ ወይ ብላለች። መሸመኛዋን እንዲያወርዱላት ትፈልጋለች።»

ገና ነው በላት አልኩት። እውነቴን ነው፣ ገና ነው።

መሸመኛው አጎቷ ከጥድ እንጨት የሠራላት ነው፤ በእግር የሚረገጥ፣ በረንዳውን ግማሽ የሚይዝ። በጂፕኒ አይጫንም። ለሁለት ሳምንት መሸመኛ የሚያስጭን ሰው ግን አላየሁም። ምናልባት የኖርማው ተሰብሮ ይሆናል።

ማታ። ሁለት ሳምንት ያለችው መጀመሪያ ላይ ነው። በኋላ ሌላም ነገር ብላ ነበር። ስኳር ድንች እየላጠች ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በረንዳ ላይ ሸምኜ ለነጋዴ ሰጠሁ፣ ጨርቄን ማን እንደለበሰው እንኳ አላውቅም፤ አሁን በራሴ እጅ መሸጥ አምሮኛል፣ ኖርማ ቦታ ይዛልኛለች፣ እዚያ ልኖር ነው አለች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም «ታዲያ ፔዳሉን ማን ይረግጣል?» አልኳት።

ተገቢ ጥያቄ ነው። ማን ይረግጣል? እሷም ትንሽ ሳቀች፣ «እውነትህን ነው፣ ፔዳሉን ማን ይረግጣል» አለችና መላጧን ቀጠለች። ከዚያ ስለ ነገሩ ሁለተኛ አላነሣችም። የተስማማን መስሎኝ ነበር።

ሰኔ 27

ዝናብ። ዝናብ። ሩዙ አረረብኝ። ለአንድ ሰው የሚሆን ሩዝ ምን ያህል እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁትም።

ሐምሌ 2

ዳግሰን ሊረግጥልኝ መጣ። አብሮ አደጌ ነው፣ የኖርማም የክርስትና አባት ስለሆነ ፓሬ ነው የምንባባለው፤ ጥቅል ጎመኑን የማወርድለትም እኔ ነኝ። መኪናዬ ከቆመ ጎመኑ ማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ የመጣው ለእኔ ብሎ ብቻ አይደለም። ቢሆንም መጥቷል።

ዳግሰን ሁለት እጅ ሙሉ ሥራ የሚችል ሰው ነው፤ እግሩ ግን አይሰማም። ያዝ እለዋለሁ፣ ይዣለሁ ይላል፣ ብሎኑን ስፈታ ይለቃል። ፔዳሉ ቀድሞ ከተለቀቀ መስመሩ አየር መልሶ ይጠጣል። ያስወጣነውን መልሰን አስገባን።

«ያዝ ስልህ ለምን ትለቃለህ?»

«መሬት ነካ እኮ! የሰበርኩት መሰለኝ።»

«ሲሰምጥ ነው የሚያዘው፤ ሥራው እሱ ነው።»

«ፓሬ፣ ይኼ የሚስት ሥራ ነው» አለኝ። «ሲሰምጥ መያዝ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሄደ በኋላ ሳቄ ጠፋ። በጠርሙሱ የነበረውን ጨምሬ በቱቦው እንደገና ብቻዬን ሠራሁት።

ሐምሌ 5

ጨው ልገዛ ሄጄ የአጉስታ ሱቅ በር ላይ ዝናቡን ተጠልዬ ነበር። ውስጥ ሴቶች ያወራሉ። አንዷ «ፌሚያ የአሳማውን ድስት ሳይቀር ይዛ ነው የወረደችው» አለች። አጉስታ ደግሞ «እሱማ መኪናው እስካለ ድረስ መሄዷንም አያውቅ» አለች።

ድስቱ እዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት አጥቤዋለሁ። ጨውም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሐምሌ 11

ቁልቁለቱ ላይ እንደገና። ሲወርድ ይለሰልሳል፣ ታች ሲያርፍ ይጠነክራል። የዋናውን ፖምፓ የውስጥ ላስቲክ ፈትቼ አየሁ፣ ደህና ነው። የጎማውን ታምቡር አወጣሁ፣ የፍሬኑ ሸራ ገና ሥጋ አለው። ቱቦዎቹን በጣቴ ዳሰስኳቸው፣ አንድም የሚያለቅስ የለም። ሁልጊዜ የማደርገውን ነው ያደረግሁት። ታዲያ ምን ሆነ? ደጋግሜ ባስወጣሁት ቁጥር የሚብስበት ይመስላል።

ለሰው ስናገር ደግሞ አያምኑኝም፤ ምክንያቱም እነሱ ሲረግጡት ድንጋይ ነው። ኩላስ ራሱ ወጥቶ ረገጠና «ማኖንግ፣ ይኼ ከእኔ ጂፕኒ ይሻላል። የለሰለሰው እግርዎ እንዳይሆን» አለኝ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ከዚያ መልእክቱን አመጣ። ማናንግ ፌሚያ መሸመኛውን እየጠበቀች ነው። የጎመን ነጋዴው ትልቅ መኪና ሐሙስ ባዶውን ስለሚመለስ በእሱ ይጫን ወይ ብላለች። በእሱ አይሆንም አልኩት። የነጋዴው መኪና የበሰበሰ ጎመን ይሸታል፣ ክሩ ሽታውን ይይዘዋል። ደግሞም እንጨቱን ማሰር አይችሉበትም፣ ይሰብሩታል። የእኔ እስኪስተካከል ትጠብቅ።

ቶሎ ቢስተካከል ደስ ይለኛል። በእርግጥ ደስ ይለኛል።

ሐምሌ 12

መሸመኛው ላይ አቧራ ተቀምጦ ነበር፤ ጠረግሁት። መርገጫዎቹን በእጄ ጫን ጫን አደረግኋቸው። ይንጫጫሉ። የዚህን ድምፅ ሙሉ ቀን ስሰማ እኖር ነበር፤ አንድ ቀንም ሰምቼው የማውቅ አይመስለኝም።

ሐምሌ 17

ሽማግሌዎቹ ከትናንት ጀምሮ ቴንጋው አውጀዋል። መንደሩ ያርፋል። ማሳ አይኬድም፣ መዶሻ አይሰማም፣ ከመንደር አይወጣም፣ እንግዳም አይገባም። መግቢያው ላይ ቅጠል ታስሯል። ነጋዴው መኪናውን ይዞ መጥቶ ከቅጠሉ ተመልሷል።

ሁሉም ቤት ጭስ ይወጣል፣ ልጆች በየበረንዳው ይንጫጫሉ፣ ዘመድ ከዘመድ ጋር ተቀምጧል። ቴንጋው ለብቻው ለሚኖር ሰው አልተሠራም። ሥራ የለ፣ ሰው የለ። ወደ መኪናው ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። መፍቻ አልነካሁም፣ ኢናያን ነው፣ ነውር ነው፤ ከቴንጋው ጋር ማን ይጣላል። ፔዳሉን ብቻ ረገጥሁ። ያዝሁት። ከታች ልቀቅ የሚለኝ ሰው የለም።

ናፈቀችኝ። ይኸው ጻፍኩት። ዶሮም ቢጭረው ተጽፏል።

ሐምሌ 20

ቴንጋው ዛሬ ማለዳ ተፈታ። ዳግሰን ጎመኑን ከእረፍቱ በፊት ቆርጦ ከምሮት ነበር፤ ከሥር ማሽተት ጀምሯል። ነጋዴው ተቆጥቶ ወደ ሌላ መንደር ሄዷል። ዳግሰን በረንዳዬ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፤ «ፓሬ፣ ነገ ካላወረድከው ለአሳማ ነው የምሰጠው። የልጆቹ የትምህርት ቤት ገንዘብም እዚያው ውስጥ አለ።»

እንግዲህ አወርደዋለሁ። በጠርሙሱ የቀረውን ጨምሬ፣ ደግሜ አስወጥቼ፣ ሃያ ጊዜ ረግጬዋለሁ። ድንጋይ ነው።

ሐምሌ 21

በሕይወት አለን። ነገ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 22

ዳግሰን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ጭጋጉ ጥዶቹን ውጧል። ረጅሙን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ነው የያዝሁት፤ ቢሆንም ጭነቱ ከባድ ስለሆነ ፍሬን ላይ መቆሜ አልቀረም። መጀመሪያ ለስለስ አለ። ቀጥሎ ጠለቀ። ከወንዙ በላይ ያለው ኩርባ ጋ ስንደርስ ረገጥሁ፣ ፔዳሉ ወለል ነካ። ምንም የለም። አየር እንደመርገጥ ነው። ደጋግሜ ረገጥሁ፣ ምንም።

ዳግሰን ፊቴን አይቶ የበሩን ብረት ያዘ።

አንደኛ ማርሽ በግድ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁት፣ ጭሱ ሸተተን። ከዚያ መሪውን ወደ ተራራው ግድግዳ ጣልሁት። አፈሩን እያረሰ፣ የጎን ሣጥኑን እየገነጠለ ሄደና ኩርባው ከመድረሱ በፊት ቆመ። ጎመኑ ግማሹ በላያችን አልፎ ወደ ወንዙ ተንከባለለ። ለብዙ ጊዜ ሲወርድ ይሰማን ነበር።

ድንጋይ ታኮ አድርገን መንገዱ ዳር ተቀመጥን። ትምባሆ ሰጠኝ። ጎማዎቹ ሲቀዘቅዙ ወጥቼ ፔዳሉን ረገጥሁ። ድንጋይ ነው። ዳግሰንም ወጥቶ ረገጠ። ወርዶ ረጅም ጊዜ አየኝ። አላመነኝም ማለት አይደለም፤ ምን ማመን እንዳለበት አላወቀም።

«ፓሬ፣ መኪናው ነው ወይስ አንተ ነህ?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። የማያውቅ ሰው ምን ይመልሳል?

በእግራችን ተመለስን። ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ይዞ መጥቶ መኪናውን በገመድ እየያዝን አወጣነው። ሥራው ሲያልቅ ሩዝ ሳይበላ ሄደ። ሰውዬው ልጆቹን ለማስተማር የዘራውን ጎመን ወንዝ ውስጥ ከትቼበታለሁ፤ ልገድለውም ነበር። በእኔ ቦታ ቢሆን እኔም አልበላም።

ሐምሌ 28

መኪናው ቤቱ ሥር ቆሟል። ዕቃ የሚያስጭነኝ ሰው የለም። ማንም አይጠይቀኝም። ሳልፍ ወሬ ያቆማሉ።

አባቴ ይህን መኪና ዕድሜ ልኩን ሲነዳ አንድ ሰው አልጎዳም። እኔም እስከዚህ ክረምት አልጎዳሁም። ምን ተለወጠ እያልሁ እጠይቃለሁ። ዘይቱ ያው፣ ጠርሙሱ ያው፣ አሠራሩ ያው። የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ እሱ ደግሞ የመኪና ዕቃ አይደለም።

ነሐሴ 1

ኩላስ ሳያቆም አለፈ። መልእክት የለም ማለት ነው። አልጠየቀችም። የመኪናውን ነገር መጠየቅ ትታለች።

ነሐሴ 3፣ ረቡዕ

ብዙ ነገር ሆኗል። በሥርዓት ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ የኩላስ ጂፕኒ ቤቱ ፊት ቆመ። ፌሚያ ወረደች። በአንድ እጇ ያልተከፈቱ የፍሬን ዘይት ጣሳዎች ይዛለች፣ በብብቷ ሥር ያ ቀይ ትራስ አለ። ከስታለች፣ ወይም ጫማዋ አዲስ ስለሆነ ቀጥ ብላለች። እኔ ጢሜን ሳልላጭ ስንት ጊዜ እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ሰላምም አላለችኝም። በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የጂን ጠርሙሱን አወረደች፣ ጨርቁን ነቅላ አሸተተችው፣ ወደ ብርሃን አነሣችው።

«ይህን ነው የጨመርክበት?»

«ሁልጊዜ የምጨምረውን ነው።»

«ሁልጊዜ የምትጨምረው እኔ የገዛሁትን ነው» አለች። ጓሮ ወጥታ በድንጋዮቹ መሀል ደፋችው። የቆየ ትምባሆ ያደረበት ውሃ ይመስላል። እጄን ልዘረጋ ነበር፣ ተውሁት።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኖርማ ገና ሕፃን ሳለች ፌሚያ ለእኔ ዕቃ ልትገዛ ባጊዮ ወርዳ የሱቁ ሰውዬ ነግሯታል፤ የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል፣ ክፍት ካደረ ከጭጋግ ሳይቀር ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እሷም መጥታ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ አባቴ ከሱቅ ነጋዴ በላይ ያውቃል አልኩ ይባላል። አላስታውስም። ብዬ ይሆናል። እኔን ነው የሚመስለው።

«ከዚያ ወዲህ አልነገርኩህም። አየር ባስወጣን ቁጥር ማታ እደፋዋለሁ፣ ከጣሳ እሞላዋለሁ። ክዳኑንም በሰም ነበር የማሽገው። አንተ በማግሥቱ ታነሣውና፣ አየሽ እንዴት እንደጠራ፣ ትለኛለህ።»

ሁልጊዜ እንዲያ እላት ነበር። ይህን ግን አስታውሳለሁ።

«ለምን ስትሄጂ አልነገርሽኝም?»

መሬት መሬት አየች። «ተናድጄ ነበር። ፔዳሉን ማን እንደሚረግጥ ይወቅ ብዬ ነበር። ኩላስ ፔዳሉ ሰጥሞ ተመለሰ ብሎ ሲነግረኝ ሁሉም ገባኝ። ዳግሰን አጠገብህ ነበር ሲለኝ ዘይቱን ልገዛ ወጣሁ። ኢናያን ነው ያደረግሁት፣ ቶሚን። እሱንም ዛሬ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ይህን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። መፍቻዬን አነሣሁ። እሷም ትራሱን ከወገቧ ኋላ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተሰየመች።

ከኋላው ቀኝ ጎማ ጀመርን።

«ርገጪ።»

«ረገጥሁ።»

«ያዢ።»

«ይዣለሁ።»

መጀመሪያ የወጣው ቡኒ ነበር። ሁለተኛው ጎማ ላይ ሻይ መሰለ። ሦስተኛው ላይ መጥራት ጀመረ። ፔዳሉ ሲሰምጥ «ሰመጠ» ትላለች፣ ዘይቱ ጎደል ሲል ከመንገሬ በፊት ወርዳ ትሞላለች። ከክረምቱ ሁሉ በጎው ቀን ይህ ነው። ከላይ የሱቁን ነገር ታወራኛለች፤ አንዲት ሴት ጨርቋን ገዝታ ስሟን ጠይቃት ወረቀት ላይ ጽፋ ይዛ እንደሄደች ነገረችኝ። ስሟን ጠይቃት። ይህን ሁለት ጊዜ ደገመችው።

አምስተኛው ጎማ ላይ ያዢ አልኳት፣ ያዘች፣ ብሎኑን ፈትቼ አጠበቅሁት። የመኪናው ሆድ ፊቴ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። እሷ አታየኝም።

«ፌሚያ።»

«ወዬ።»

«ያኔ ፔዳሉን ማን ይረግጣል ያልኩሽ፣ ፔዳሉን ማለቴ አልነበረም።»

ጭቃው ላይ ተኝቼ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለች መጨረሻ ላይ። «ያልከው ግን ፔዳሉን ነው።»

«ናፍቀሽኝ ነው የከረምኩት።»

ከላይ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። «ቶሚን፣ ልቀቂ አላልከኝም እኮ። እግሬ ደነዘዘ።»

«ትንሽ ያዢው» አልኳት።

ያዘችው። ብሎኑ ከጠበቀ ቆይቷል፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ልቀቂ አልኳት፣ ወደ ስድስተኛው ጎማ ሄድሁ።

ነሐሴ 5

ትናንት መሸመኛውን አወረድሁት።

ዳግሰን ከልጆቹ ጋር መጥቶ አሸከመን። ፌሚያ ረቡዕ ማታ ቤቱ ሄዳ ከእሱና ከሚስቱ ጋር ልታድር ምንም እስኪቀራት ድረስ ቆይታ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። እሱም ለእኔ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፓሬ፣ የወንዙ ዓሣ ጎመን ለምዷል፤ ዛሬ ደግሞ እንዳትጥልለት።» የቀረ ጎመኑንም ከመሸመኛው ሥር ጫንሁለት። ክሩ ሽታ ይይዛል ያልኩት ለካ ያን ያህልም አይይዝ።

ፌሚያ አጠገቤ ተቀምጣ ወረድን። ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ሆን ብዬ ፍሬኑን ደጋግሜ ረገጥሁት። ድንጋይ። ከወንዙ በላይ ያለው ኩርባ ላይ፣ ግድግዳውን ያረስንበት አፈር ገና ቀይ ነው፤ እዚያም ድንጋይ። እስከ ታች ድረስ አንዲት ጣት አልጠለቀም። በዕድሜዬ እንዲህ አሳምሬ የሠራሁት ፍሬን የለም፤ የሠራሁትም ሚስቴን ከቤቴ ለማውረድ ነው። ይህን እያሰብሁ ነዳሁ፣ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ምን ያተረፍኩት አለ?

ኖርማ መሸመኛውን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ፌሚያ ሳታርፍ ተቀመጠችበት፣ እግሯን መርገጫዎቹ ላይ አደረገች፣ ተንጫጫ። ሁለት ሴቶች መንገድ ላይ ቆመው አዩዋት። ፊቷን ባየሁት ጊዜ ተመለሺ ማለት ነውር ሆኖ ታየኝ። ያን ፊት በረንዳዬ ላይ አላየሁትም፤ ወይም ቀና ብዬ አላየሁ ይሆናል።

ስወጣ በሩ ላይ ቆም ብዬ ጠየቅኋት። «በሚመጣው ክረምት ዘይቱ መቀየር አለበት፣ አይደል?»

ክር በጥርሷ ይዛ ትቋጥር ነበር። ራሷን ነቀነቀች፤ ለዘይቱ ይሁን ለክሩ አላወቅሁም። ብቻህን እንዳትሞክር ብላኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አላለችም። ኖርማ የተቀቀለ ሩዝ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ የአንድ ሰው ነው፣ ልኩን አውቃበታለች።

ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ቤት ስደርስ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ታኮውን አስገባሁ፣ የጂን ጠርሙሱን አጥቤ ለመብራት ጋዝ አደረግሁት፤ ከእንግዲህ ዘይት አይገባበትም። ከዚያ ሞተሩን ላለብስ ሸራውን ከጎን ወንበሩ ላይ አነሣሁ።

ሥሩ ትራሱ ነበር። ከዕቃዋ ጋር ያወረደችው መስሎኝ ነበር። አላወረደችውም፤ እንዳይርስ በላስቲክ ጠቅልላዋለች።

ወደ ቤት አላስገባሁትም። የእሷ ቦታ ላይ፣ ከፔዳሉ ፊት ለፊት አድርጌ በሩን ዘጋሁት።